በብር ላይ ያለች ትንሽ ፊደል
(በጎንደር አራዳ ለሕዝብ የተሰጠ ትምህርት)

ጥንት ነጋዴ ከምጽዋ በአድዋ በኩል፣ ከሱዳንም በመተማ በኩል ወደ ጎንደር ሲገባ ጨውም ወርቅም ብርም የሚገናኙት በዚህ ከተማ ገበያ ነበር። ጎንደሬ ብር አይቶ መለየትን ከአያቱ ወርሷል ብዬ አምናለሁ። ዛሬ የምናገረውም በዚያ ዕውቀት ላይ ጥቂት ለመጨመር ነው።

ዓላማዬ አንድ ጥያቄ መመለስ ነው። አንድ ብር እጃችን ሲገባ በየትኛው ከተማ፣ በማን ኃላፊነት እንደተመታ በምን እናውቃለን? ብዙ አገሮች ለዚህ ሲሉ በገንዘባቸው ላይ አንዲት ፊደል ወይም አንዲት ትንሽ ሥዕል ያኖራሉ። እኔ የመምቻ ቤት ምልክት እላታለሁ። በመጀመሪያ ይህች ምልክት ለምን እንደተፈለገችና በብረት ላይ እንዴት እንደምትቀመጥ እናገራለሁ። ከዚያ ወደ ጠገራ ብር፣ ቀጥሎ ወደ ዐፄ ምኒልክ ብር፣ በመጨረሻም አባቶቻችንና እኛ ወደተገበያየንባቸው ሳንቲሞች እሻገራለሁ። ዘመን ስጠራ ዓ.ም. የምለው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የፈረንጆቹን እ.ኤ.አ. እያልኩ እለያለሁ።

ከምክንያቱ ልጀምር። በጥንቱ ዘመን የገንዘብ ዋጋ በውስጡ ያለው ብር ወይም ወርቅ ነበር። መምቻ ቤቱን የያዘው ሹም ከእያንዳንዱ ብር ላይ ጥቂት ቢቀንስ ወይም መዳብ ቢያበዛበት ሳይታወቅ ይከብራል። መምቻ ቤቱ አንድ ብቻ ከሆነ ጥፋተኛውን ማግኘት አያስቸግርም። ዐሥርና ዐሥራ አምስት ሲሆን ግን ሚዛን ላይ ቀልሎ የተገኘው ብር የማን እንደሆነ ንጉሡ በምን ይወቅ? ሮማውያን በየከተማው ባሉት መምቻ ቤቶቻቸው፣ በእስክንድርያም ጭምር፣ የከተማውን ስም የሚጠቁሙ ፊደላት ከምስሉ ግርጌ ያኖሩ ነበር። ፈረንሳዮች ከ1389 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይበልጥ የረቀቀ ዘዴ ያዙ። በብሩ ዙሪያ ካለው ጽሑፍ ከአንዷ ፊደል ሥር ነጥብ ያኖራሉ፤ ነጥቧ ከስንተኛዋ ፊደል ሥር እንዳለች የቆጠረ ሰው መምቻ ቤቱን ያውቃል። በ1540 እ.ኤ.አ. ንጉሣቸው ፍራንሷ ቀዳማዊ ነገሩን ግልጽ አደረጉትና ለየከተማው አንዳንድ የላቲን ፊደል አደሉ። ለፓሪስ የደረሳት የመጀመሪያዋ ፊደል «ኤ» ናት። ይህችን «ኤ» ያዙልኝ፤ ቆይተን በኢትዮጵያ ብር ላይ እናገኛታለን።

እንግሊዞች ደግሞ ከተመታው ገንዘብ ጥቂት ጥቂት እያነሡ በሣጥን ያስቀምጡና በሸንጎ ፊት በእሳትና በሚዛን ይፈትኑት ነበር፤ ይህ ሥርዓታቸው እስከ ዛሬ አለ። በብሩ ላይ ያለችው ድብቅ ምልክት የትኛው ጊዜ ሥራ እንደሆነ ስለምትናገር ፈተናውን የወደቀ ገንዘብ ባለቤቱ አይጠፋም። ስለዚህ ምልክቷ የተወለደችው ከተጠያቂነት ነው። በዚህች ፊደል የመታው ሰው «ቢጎድል እኔን ጠይቁኝ» ይላል። ዛሬ የምናገረውን ሁሉ የማያይዘው ይህ ሐሳብ ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ብዙ ሰው ምልክቷ በእያንዳንዱ ብር ላይ ለየብቻ የምትመታ ይመስለዋል። የምትቀረጸው ግን ብሩን በሚመታው ብረት ላይ ነው። ብር የሚመታው በሁለት የአረብ ብረት ማኅተሞች መካከል ነው፤ አንዱ የንጉሡን ገጽ፣ ሌላው የጀርባውን ሥዕል ይይዛል። በቀበሌ ማኅተም ላይ ጽሑፉ ተገልብጦ ተቀርጾ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ቀንቶ እንደሚነበበው ሁሉ፣ በአረብ ብረቱም ላይ ሥዕሉ ተገልብጦና ወደ ውስጥ ጎድጉዶ ይቀረጻል፤ በብሩ ላይ ቀንቶና ጉብ ብሎ ይወጣል። በጥንቱ ዘመን የታችኛው ማኅተም በመስፍ ላይ ይተከላል፤ ዝርጉ ክብ ብር በላዩ ይቀመጣል፤ የላይኛው ማኅተም በእጅ ተይዞ በመዶሻ ይመታል። በኋላ የመዶሻውን ቦታ መኪና ወሰደው። ሲመታ ብሩ ወደ ጎን እንዳይሰፋም ዙሪያውን የሚይዝ የብረት ቀለበት ተበጀለት።

በመኪናው ዘመን ሥራው እንዲህ ይሄዳል። ሠዓሊው ምስሉን አስፍቶ በጄሶ ይሠራዋል። አንድ መሣሪያ በአንድ ጫፉ ያንን ትልቅ ምስል እየዳሰሰ፣ በሌላው ጫፉ ያንኑ አሳንሶ በአረብ ብረት ላይ ይቀርጻል። ከዚህ ጉብታ ምስል ጎድጓዳ ማኅተም ይወጣል፤ ከጎድጓዳው እንደገና ጉብታ፣ ከጉብታው እንደገና ጎድጓዳ እየተባለ ለሥራ የሚሰማሩት ማኅተሞች ይባዛሉ። የሚባዙት ብረቱ ለስላሳ ሳለ ነው። በመጨረሻ ብረቱ ግሎ በፈሳሽ ይነከርና ይጠነክራል፤ ብረት ቀጥቃጮቻችን ማጭድና ቢላዋ ሲያጠነክሩ የሚያደርጉትን ያህል ማለት ነው። አንድ ማኅተም እስኪያረጅ ድረስ እጅግ ብዙ ሺህ ገንዘብ ይመታል።

ታዲያ ምልክቷ በየትኛው ደረጃ ትገባለች? መልሱ ከአገር አገር ይለያያል፤ የአሜሪካኖቹ ታሪክ ግን ነገሩን ከሁሉ በላይ አጉልቶ ስለሚያሳይ ጥቂት እቆይበታለሁ። አሜሪካ ብዙ መምቻ ቤቶች ነበሯት፤ በዚያ ዘመን ማኅተሞቹ የሚሠሩት ግን በፊላደልፊያ ነበር። ማኅተሙ ወደ ዴንቨር የሚላክ ከሆነ፣ ከመጠንከሩ በፊት አንድ ሠራተኛ ጫፏ ላይ «ዲ» የተቀረጸባትን ቀጭን የብረት ዘንግ በቦታዋ አቁሞ በመዶሻ ይመታታል። ወደ ሳን ፍራንሲስኮ የሚላክ ከሆነ በ«ኤስ» ይመታዋል። የሚመታው በዐይን ልክና በእጅ ነው። ስለዚህ አንዷ ፊደል ወደ ቀኝ፣ አንዷ ወደ ግራ፣ አንዷ ዘንበል ብላ ትገኛለች። እጁ ካመነታና ደግሞ ከመታት ፊደሏ ድርብ ሆና ትወጣለች። ለሳን ፍራንሲስኮ ተብሎ «ኤስ» የተመታበት ማኅተም አሳብ ተለውጦ ለዴንቨር ሲውል «ዲ» በላይዋ ትደረባለች፤ በ1944 እ.ኤ.አ. በአንድ ሳንቲማቸው ላይ ሁለቱ ፊደላት ተነባብረው ይታያሉ። በዚያች ቅጽበት የሠራተኛው እጅ ያደረገውን ያ ማኅተም የመታው ሳንቲም ሁሉ ተሸክሞት ይዞራል።

ምልክቷ ልትጠፋም ትችላለች። በ1922 እ.ኤ.አ. የአሜሪካን አንድ ሳንቲም የመታው ዴንቨር ብቻ ነበር፤ ማኅተሞቹ አርጅተው ስለነበር «ዲ» የሌለባቸው ሳንቲሞች ወጡ። በ1982 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአንዳንድ የዐሥር ሳንቲም ማኅተም ላይ ሠራተኛው ጨርሶ ሳይመታ ረሳና የፊላደልፊያ «ፒ» የሌለባቸው ወጡ። እንዲህ ያለው ስሕተት ስላሰለቻቸው ከ1990 እና 1991 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለገበያ በሚውለው ገንዘብ ላይ ፊደሏን ከመጀመሪያው ምስል ጋር አብረው መቅረጽ ያዙ። ዛሬ በኮምፒውተር የሚመራ መሣሪያ ሁሉንም አንድ ያደርገዋል። ጥራቱ ጨምሯል፤ የሠራተኛው እጅ ግን ከገንዘቡ ላይ ጠፍቷል። እኔ በበኩሌ ዘንበል ያለችውን ፊደል እወዳለሁ፤ ከኋላዋ አንድ ሰው እንደነበረ ትነግረኛለችና።

ከዚህ የሚለዩ ሁለት መንገዶችም አሉ። አንደኛው ገንዘቡ ተመትቶ ካለቀ በኋላ በገጹ ላይ ሌላ ማኅተም መምታት ነው። ከቀይ ባሕር ማዶ በሂጃዝ፣ በ1916 እ.ኤ.አ. እና በቀጣዮቹ ዓመታት፣ የማርያ ትሬዛን ብር (በእኛ አጠራር ጠገራን) ጨምሮ የውጭ ገንዘብ እየተወሰደ የአገሪቱ ስም በትንሽ ማኅተም ይመታበት ነበር። ሁለተኛው መንገድ የእኛው የአክሱም ነው። ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ፣ ማለት ከሦስተኛው መቶ ዓመት ማብቂያ አንሥቶ፣ አክሱም በወርቅና በብር፣ ቆይቶም በነሐስ ታስመታ ነበር። በዒዛና ዘመን በገንዘቡ ራስጌ የነበሩት ጨረቃና ክብ ወርደው መስቀል ወጣ። በአንዳንዶቹ የብርና የነሐስ ሳንቲሞች ላይ ደግሞ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ ላይ ወርቅ ተለብጧል። እያንዳንዷ ሳንቲም በሠራተኛ እጅ ተይዛ ወርቋን ታገኝ ነበር ማለት ነው። በዘመኑ ከነበሩት መንግሥታት እንዲህ ያለ ሥራ የአክሱም መለያ ነው፤ ሊኮራበት ይገባል።

የአክሱም ገንዘብ በሰባተኛው መቶ ዓመት አካባቢ ቆመ። ከዚያ በኋላ፣ ከሐረር አሚሮች መሐለቅ በቀር፣ በዚህ አገር የራስ ገንዘብ ሳይመታ ከሺህ ዓመት በላይ አለፈ። ዐፄ ፋሲል ግንቡን አሠሩ፤ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው አብያተ ክርስቲያናቱን አስጌጡ፤ ብር ግን አላስመቱም። ጎንደር በአሞሌ ጨውና ተመዝኖ በሚሰጥ ወርቅ ስትገበያይ ኖረች። አሞሌው ከአፋር በረሃ ተቈርጦ፣ በበቅሎና በአህያ ተጭኖ፣ በሶቆጣ መንገድ ይመጣል፤ ከጨው ሜዳው በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። እንዲህ ባለው ገበያ ላይ ነው ጠገራው ብር የገባው።

ስለ ጠገራ ብር ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ ከዚህ አዳራሽ ውስጥም በቤቱ ያለው ሰው እንዳለ አልጠራጠርም። በገጹ ያለችው የኦስትሪያዋ እቴጌ ማርያ ትሬዛ ናት። በኅዳር ወር 1780 እ.ኤ.አ. ሞተች። ብሩ ግን ከእርሷ ሞት በኋላ በዚያው ዓመት ቁጥር፣ በዚያው ምስል መመታቱን ቀጠለ፤ እስከ ዛሬም በቪየና ይመታል። ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት ነው፤ ከስድስት እጅ አምስቱ ጥሩ ብር፣ አንዱ እጅ መዳብ ነው። በጠርዙ ዙሪያ በላቲን «ፍትሕና ምሕረት» የሚል ጽሑፍ አለበት፤ ጠርዙ ላይ ጽሑፍ መኖሩ ብሩን በሞረድ የሚቀንስ ሌባ ወዲያው እንዲታወቅ ያደርጋል። ከእቴጌይቱ ምስል ግርጌ ደግሞ ሁለት ፊደላት አሉ፤ «ኤስ» እና «ኤፍ»።

እነዚህ ሁለት ፊደላት የሰው ስም መነሻ ናቸው። ዛሬ በጀርመን በባቫርያ ውስጥ በምትገኘው በጉንስቡርግ ከተማ የነበረውን መምቻ ቤት ይመሩ የነበሩት ሾብልና ፋቢ የተባሉ ሹማምንት ናቸው። ክብደቱ ቢጎድል የሚጠየቁት እነርሱ ነበሩ። በአገራችን ያሉ ነጋዴዎች ይህን ታሪክ ባያውቁም ፊደላቱን ግን ያውቋቸው ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ አገራችን የመጡ መንገደኞች ደጋግመው እንደጻፉት ሻጩ ብሩን ተቀብሎ ያገላብጣል፤ የእቴጌይቱን የራስ ጌጥ ዕንቍ ይቆጥራል፤ በትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ያያል፤ ከግርጌ ያሉት ፊደላት ጥርት ብለው መታየታቸውን ይመረምራል። አንዱ ከተፋቀ አልቀበልም ይላል። መንገደኞቹ ይህን እንደ ግትርነት ቆጥረውታል። እኔ አልስማማም። የማያነበው ቋንቋ፣ የማያውቀው ንግሥት፣ ያላየው አገር ገንዘብ ሲመጣበት ገበሬውና ነጋዴው ሊይዘው የሚችለው ማስረጃ ይህ ብቻ ነበር። ፈረንጆቹ መንግሥታት በሕግና በሣጥን የሚያደርጉትን ምርመራ የአገራችን ባላገር በዐይኑና በጣቱ ያደርግ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነው ግን ምልክቷን ከሥራዋ ያወጣት ነገር ነው። የጉንስቡርግ መምቻ ቤት በ1805 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። «ኤስ» እና «ኤፍ» ግን ቀሩ፤ ምክንያቱም በቀይ ባሕር ዙሪያ ያለው ሕዝብ ያለ እነርሱ ብሩን አይቀበልም። ቪየና ከጉንስቡርግ ፊደላት ጋር መታችው። በ1935 እ.ኤ.አ. ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለሚወርበት ጦርነት ብር ስላስፈለገው ከኦስትሪያ ማኅተሞቹን ተቀብሎ በሮም ማስመታት ጀመረ። በሚቀጥለው ዓመት ለንደን መታች፤ ፓሪስና ብራስልስም መቱ። ከ1940 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቦምቤይ መታች። በየቦታው ያው እቴጌ፣ ያው 1780፣ ያው «ኤስ» እና «ኤፍ»። ጣልያን ጎንደርን በያዘባቸው ዓመታት፣ እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ድረስ፣ በወራሪው በኩል የሮም ጠገራ፣ በእንግሊዝ በኩል የለንደንና የቦምቤይ ጠገራ ወደ ምድራችን ገብቷል። ሁለቱ ጠላቶች በአንድ የሞተች እቴጌ ምስል ሲከፍሉ ሁለቱም የጉንስቡርግን ሹማምንት ፊርማ ይጠቀሙ ነበር።

እንግዲህ ተጠያቂውን ለማሳየት የተወለደችው ምልክት ተጠያቂውን የምትሸፍን ሆነች። ዛሬ የሮሙን ከለንደኑ መለየት የሚፈልግ ሰው ፊደላቱን ትቶ ሌላ ቦታ ማየት አለበት። ብሩን ገልብጦ ሁለት ራስ ያለውን ንስር ያያል፤ የጅራቱ ላባዎች አደራደር ከመምቻ ቤት መምቻ ቤት ይለያል። በእቴጌይቱ ትከሻ ጌጥ ዙሪያ ያሉት ዕንቍዎች ቁጥርም እንዲሁ። እነዚህን ልዩነቶች ማንም ሆን ብሎ ለምልክት አላኖራቸውም፤ ማኅተሙን እንደገና የቀረጹት ሠራተኞች እጅ ያስቀራቸው ናቸው። እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ ይህ ነው። መንግሥታቱ የደበቁትን የቀራጩ እጅ ገለጠው።

ጣልያኖች አስቀድመው ሌላ መንገድ ሞክረው ነበር። በ1918 እ.ኤ.አ. ለኤርትራ ጠገራውን የሚመስል፣ በእቴጌይቱ ቦታ የኢጣልያን ምሳሌ የሆነች ሴት ያለችበት ብር በሮም አስመቱ፤ የሮምን «አር» ፊደልም አኖሩበት። ሕዝቡ አልቀበልም አለ። የተቆጠሩት ዕንቍዎች፣ የታወቁት ፊደላት የሉበትምና።

አሁን ወደ ራሳችን ብር ልሻገር። ዐፄ ምኒልክ የኢትዮጵያ ብር እንዲመታ የወሰኑት በ1885 ዓ.ም. ነው። የተመታው በፓሪስ ሲሆን በላዩ የተጻፈው የመጀመሪያው ዓመት በግእዝ ቁጥር ፲፰፻፹፯ ነው። ክብደቱም ጥራቱም ከጠገራው ጋር እንዲተካከል ተደርጎ ነበር፤ 28 ግራም ከጥቂት፣ ከሺህ 835 እጅ ብር። ከሥሩ አላድ፣ ሩብና ተሙን፣ ግርሽና ቤሳ ወጡ። በገጹ የንጉሠ ነገሥቱ ምስል፣ በጀርባው ዘውድ የጫነ አንበሳ አለ።

በአንበሳው በኩል አጉልታችሁ ብትመለከቱ ሦስት ጥቃቅን ነገሮች ታገኛላችሁ። አንደኛው ፍሬ የሞላበት ቀንድ ነው፤ የፓሪስ መምቻ ቤት መለያ ነው። ሁለተኛዋ ያቺ ከ1540 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምናውቃት «ኤ» ናት። ሦስተኛው የታሰረ የበትር ነዶ ነው፤ እርሱ የዋናው ቀራጭ የዣን ላግራንዥ የግል ምልክት ነው። ቀንዱና ፊደሏ ቤቱን ይጠሩታል፤ ነዶው ሰውየውን ይጠራዋል። ይህ አሠራር ያለው በ1887 እና በ1888 ዓ.ም. በተጻፈባቸው ላይ ነው። በ1896 እ.ኤ.አ. የዋና ቀራጭነቱ ሥራ ወደ አንሪ ፓቴ ተላለፈ፤ የፓቴ ምልክት ችቦ ነው። ከዚያ ወዲህ በተጻፉት የምኒልክ ብሮች ላይ ነዶው ወርዶ ችቦ ገባ፤ «ኤ» ፊደልም ቀረች።

የቀናቱን መገጣጠም ልብ በሉልኝ። 1888 ዓ.ም. የአድዋ ዓመት ነው። ነዶ ያለበት ብር የአድዋ ዋዜማና የአድዋ ዓመት ብር ነው፤ ችቦ ያለበት ከድሉ ወዲህ የመጣው ነው። በፓሪስ የተደረገ የሹመት ለውጥ የእኛን ብር ከድሉ በፊትና ከድሉ በኋላ ብሎ ከፍሎታል። ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልግም፤ ብሩና አጉሊ መነጽር ይበቃል። ምልክት በትክክል ሲቀመጥ ከመቶ ዓመት በኋላም እንዲህ እውነት ይመሰክራል።

ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ላይ መምቻ ቤት ተቋቋመና የምኒልክ ገንዘብ በአገር ውስጥ መመታት ጀመረ። እነዚህ ሳንቲሞች ቀንድም ፊደልም ችቦም የለባቸውም። የሚታወቁት ምልክት ባለመኖሩ ብቻ ነው። ይህ ያሳዝነኛል። በባዕድ አገር የተመታው ገንዘባችን የቤቱንም የሰውየውንም ፊርማ ይዟል፤ በገዛ መሬታችን፣ በገዛ እጃችን የተመታው ግን ስም የለውም። በዚያ ቤት የሠሩት ሰዎች በአንዲት የግእዝ ፊደል፣ በአንዲት «አ»፣ ሊታወሱ ይችሉ ነበር።

የምኒልክ ብር ጠገራውን ከገበያ አላስወጣውም። በተለይ በሰሜኑ ክፍል ሕዝቡ የለመደውን አልለቀቀም፤ ምክንያቱ ከላይ ያልኩት ይመስለኛል። እምነት የሚመጣው ደጋግሞ በመመርመር ነው፤ ጠገራው የብዙ ትውልድ ምርመራ ነበረበት።

ወደ መጨረሻው ክፍል ደረስኩ፤ እዚህ ላይ አጭር እሆናለሁ። ከነጻነት በኋላ አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ፤ ጠገራውም ከሕጋዊ ገንዘብነት ወረደ። የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ምስል ያለባቸው ሳንቲሞች በመጀመሪያ የተመቱት በፊላደልፊያ ነው። በላያቸው የተጻፈው ዓመት ፲፱፻፴፮ ነው። በዚያን ጊዜ ፊላደልፊያ በራሷ የአምስት ሳንቲም ገንዘብ ላይ፣ ከ1942 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቅ «ፒ» ታኖር ነበር። በእኛ ላይ ምንም አላኖረችም። ከዚያ በኋላ እነዚሁ ሳንቲሞች በለንደንና በበርሚንግሃምም እየተመቱ፣ ዓመቱ ሳይለወጥ፣ እስከ ንጉሡ ዘመን ማብቂያ ቀጠሉ። ስለዚህ 1936 የሚል ሳንቲም የያዘ ሰው ከሠላሳ ዓመት ውስጥ የትኛው እንደሆነ፣ ከሦስት ከተሞች የትኛው እንደመታው ከሳንቲሙ አያነብም። ጠገራው በ1780 ላይ እንደቆመ ሁሉ የእኛም ዓመት በ1936 ላይ ቆመ።

በደርግ ዘመን የወጡት የ1969 ዓ.ም. ሳንቲሞች፣ ብዙዎቻችሁ ሱቅ የተላካችሁባቸው፣ በብሪታንያና በበርሊን ተመትተዋል። መለያቸው የአንበሳው አገጭ ጠጉር ነው፤ በብሪታንያው እኩል የተደረደረ ሲሆን በበርሊኑ ሁለት ረዘም ያሉ ጠጉሮች አሉት። ለሰብሳቢዎች ተብሎ በአሜሪካ በፍራንክሊን መምቻ ቤት የተሠራው ብቻ «ኤፍ» እና «ኤም» የሚሉ ፊደላት አሉበት። ለገበያ በዋለው፣ ሕዝቡ በያዘው ላይ ምልክት ጠፋ፤ መስታወት ውስጥ በሚቀመጠው ላይ ተቀመጠ። ነገሩ መገልበጥ ነበረበት። ወደፊት የኢትዮጵያን ሳንቲም የሚያሠሩ ሰዎች አንዲት የግእዝ ፊደል ለመታው ቤት፣ እውነተኛውን ዓመትም ለተመታበት ጊዜ እንዲያኖሩ እመክራለሁ። ወጪው ከምንም አይቆጠርም፤ ማኅተሙ ሲቀረጽ አብሮ የሚገባ ነገር ነው።

ለእናንተ ደግሞ የምለምነው ይህ ነው። ጠገራ ብር ከጥንት ጀምሮ በአንጥረኞቻችን እጅ እየቀለጠ መስቀልና የአንገት ጌጥ ሆኗል፤ ሥራቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን ከማቅለጣችሁ ወይም ከመሸጣችሁ በፊት እያንዳንዱን በአጉሊ መነጽር እዩት። በሎሚም በአመድም አትፈትጉት፤ የቀረውን ጥቃቅን ምልክት ያጠፋዋል። ጠገራ ከሆነ የንስሩን ጅራትና የትከሻውን ጌጥ ዕንቍ እዩ። የምኒልክ ከሆነ ቀንዱን ፈልጉ፤ ከአጠገቡ ነዶ ይሁን ችቦ ለዩ፤ ምንም ከሌለበት የአዲስ አበባ ሥራ ሊሆን ስለሚችል ይበልጥ ተጠንቀቁለት። በሁለቱም ገጽ ፎቶግራፍ አንሡት፤ ቤተሰቡ ከማን፣ ከየት አገር፣ በምን ዘመን እንዳገኘው ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ በወረቀት ጻፉ። አንጥረኞችም ለማቅለጥ የሚመጣላችሁን መዝግባችሁ ያዙ። ይህን ለመጀመር የማንም ፈቃድ አያስፈልጋችሁም፤ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ጀምሩት።